ቅባቱ ከምን ይወጣል?

ወልድያ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ ሔዋን፣

እናትሽ፣ ወንድምሽ ቢኒያምና እኔ ደኅና ነን። አንቺም በዚያ በሆላንድ ብርድ ውስጥ ደኅና እንደሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ። በመርሳ በኩል ማሽላው መታጨድ ጀምሯል፤ ምርቱ መልካም ነው ይላሉ። ነገ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ይህንን ደብዳቤ ዛሬውኑ ልጨርሰው ብዬ ወስኛለሁ። በጾም ቀን ይህን ያህል መቆጣት አይገባኝምና።

ተቆጥቻለሁ፣ ሔዋን። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ብታውቂው ይሻላል። ባለፈው ረቡዕ ስልኩ በመካከሉ ዝም ያለው ኔትወርክ ሄዶ እንደሆነ እናትሽ ጽፋልሻለች አሉ። ኔትወርኩ ደኅና ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ጨርሼ ጡረታ ስወጣ ይዤው የወጣሁት አንድ ትምህርት ቢኖር፣ የተቆጣ ዳኛ ፍርዱን በቃል መስጠት እንደሌለበት ነው። ይጻፈው፤ ያሳድረው፤ ያንብበው፤ ቁጣውና ፍርዱ በማግስቱም ከተስማሙ ያን ጊዜ ይፈርምበት። እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ። ቢኒያም ገጾቹን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል።

ረቡዕ ዕለት የጠየቅሽኝን፣ ቃልሽን እንዳላጣምም፣ እንዳለ ላስፍረው። «አባዬ፣ ሦስተኛው ዙር ቅባት ግራና ጤና ጣቢያ ደርሷል። አሁን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ነው፤ ምንም ነውር የለበትም። ሰዎቹ ግን ከሚኪያስ እጅ አንቀበልም ብለዋል። አንተ ሄደህ አንድ ጊዜ ብቻ ብትነግራቸው ያምኑሃል» አልሽኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ! ቃሌን እንደ ውኃ ማሰሮ ከጓዳ አውጥተሽ፣ ቀድተሽ፣ መልሰሽ የምታስቀምጪው መሰለሽ?

መልሴ አይሆንም ነው። ለምን እንደሆነ ግን አንድ በአንድ ልንገርሽ። ነገሩን ከሥሩ የማነሣው አንቺ ረስተሽዋል ብዬ አይደለም። ከዚያ ላቦራቶሪ ሆኖ የሚታየው ሌላ፣ ከዚህ ሆኖ የሚታየው ሌላ ስለሆነ ነው።

ለጥናቱ ስትመጪ፣ እዚሁ እኛ ሳሎን ተቀምጠሽ ሥራሽን ያስረዳሽኝን ቀን አስታውሳለሁ። የሰው ገላ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ በሁለት ረድፍ ስብ የታጠረ ነው፤ እናንተ ሊፒድ የምትሉት። የስቡ ራስ ውኃ ይወዳል፣ ጅራቱ ውኃ ይሸሻል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ጅራቱን ወደ ውስጥ ደብቆ ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ማንም ሳያዘው ተሰልፎ ክብ ይሠራል አልሽኝ። እኔም ማንም ሳያዘው የሚሰለፍ ነገር በሕይወቴ አይቼ እንደማላውቅ ነገርኩሽ፤ ተሳሳቅን። እናንተ ያንን ስብ በእጃችሁ ትሠሩታላችሁ፤ በክቡ ውስጥ መድኃኒት ትሸሽጋላችሁ። ፊት የሚበላው የቁንጭር ቁስል ተባይ የሚደበቀው ሊበላው በመጣው ሕዋስ ሆድ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ የሚሰጠው መርፌ እዚያ ለመድረስ የሰውየውን ልብና ጉበት ያሠቃያል። ያንቺን ክብ ግን ያው ሕዋስ ራሱ ምግብ መስሎት ይውጠዋል፤ መድኃኒቱ ተባዩ ከተሸሸገበት ቤት ድረስ ሰተት ብሎ ይገባል። ልጄ ይህንን ስታስረዳኝ ምን ያህል እንደኮራሁ ለእናትሽ እንኳ አልነገርኩም።

የኮራሁት ደግሞ የቁንጭርን ፊት ስለማውቅ ነው። ከግራና በላይ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል ሥር ያሉት ጎጆዎች ውስጥ ፊቱ ያልተበላ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በችሎት ፊቷን በነጠላ ሸፍና የምትቆም ሴት ስንት አይቻለሁ! ስለዚህ ለሰው እንድናገርልሽ ስትለምኚኝ አላንገራገርኩም። ሸህ አብዱልሐሊምን ይዤ ግራና ወጣሁ። እኚህ ሰው ለእኔ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ እርቅ ላይ አብረን ያልተቀመጥንበት መንደር ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የለም።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንዳይሆን ብለን ሰውን የሰበሰብነው በአርሶ አደር ማሠልጠኛው ግቢ ነበር። ሚኪያስ፣ የጤና መኮንኑ፣ ስለ ቅባቱ አሳምሮ ተናገረ። ጥያቄ ሲባል አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ።

«ጌታው፣ ይህ ቅባት ከምን ይወጣል?» አሉኝ።

«ሰው የሠራው ነው፣ እናቴ።»

«ሰው ከምን ሠራው? ከየትኛው እንስሳ? ማንስ አረደው?»

አንዱ ጎልማሳ ከኋላ፣ «እማማ፣ ፊትዎን ሊቀቡት ነው እንጂ ወጥ ሊሠሩበት ነው እንዴ?» ብሎ ሕዝቡን አሳቀው።

«አንተ ዝም በል! ይህንን ፊት ይዤ የምሰግደው እኔ ነኝ!» አሉት።

ሸሁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አቶ ካሳሁን፣ እኚህ ሴት የጠየቁት የሁሉም ጥያቄ ነው። አንቱ ያረጋግጡልኝ፤ እኔም ላረጋግጥላቸው» አሉኝ። እኔም አንቺን አስቀድሜ ጠይቄሽ ስለነበር፣ አንዳች የእንስሳ ነገር እንደሌለበት በሙሉ አፌ ተናገርኩ። ሸሁ ደገሙት። ያን ጊዜ እውነት ነበር። ለመጀመሪያው ዙር አልወቅስሽም።

ሁለተኛው ዙር ሊሰጥ ሲል ግን ሰዉ እንደገና ጠየቀ። እኔም እንደገና ደወልኩልሽ። «ያው ነው ወይ? አልተለወጠም?» አልኩሽ። ዝም አልሽ። ሔዋን፣ ያቺን ዝምታ አልረሳትም። እኔ ኔትወርኩ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» እል ነበር። ከዚያ «ያው ነው አባዬ፤ አልተለወጠም» አልሽኝ። እኔም ሄጄ ያው ነው አልኩ። ሸህ አብዱልሐሊም ያው ነው አሉ። ሰዉ ተቀባ።

አሁን እውነቱን እንዴት እንደሰማሁት ልንገርሽ። ረቡዕ «ማን ነገራችሁ?» ብለሽ ነበርና።

ባለፈው ወር ረጅሙ ሆላንዳዊ ባልደረባሽ ሊጎበኘን መጣ። ሸሁ በእንግድነት መርሳ ቤታቸው ጠሩን። ሁለት ትሪ ቀረበ። አንዱን ለእኔ ዞር አድርገው፣ «ይህ የአንቱ ነው፤ ጎረቤቴ ሀብታሙ ነው ያረደው» አሉኝ። ሀብታሙ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከሸሁ ግቢ ጋር ይዋሰናል። እኔ ሀብታሙን አልጠራሁትም። አልጠየቅሁም። እጄን ታጥቤ በላሁ።

ባልደረባሽ ደስተኛ ሰው ነው። ሽሮውንም ሥጋውንም እያደነቀ ይናገራል፤ ሚኪያስ አጠገቡ ተቀምጦ ይተረጉማል። ሚኪያስን ታውቂው የለ፤ ቃሉ ከሰውየው አፍ ሳይወርድ ይቀበለዋል፤ ምን እንዳለ የሚያስበው ካለው በኋላ ነው።

«ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ይላሉ። አሁን ግን መልካም ዜና አለኝ ይላሉ። ፋብሪካው ሰው ሠራሹን ሊፒድ በበቂ አድርሶልናል፤ ሦስተኛው ዙር እንደ ሁለተኛው ከአሳማ የተ...»

ቆመ። እጁ ላይ የያዘው ጉርሻ እንኳ ቆመ።

«ጨርስ እንጂ የኔ ልጅ» አሉት ሸሁ። «ከአሳማ የተ፣ ምን?»

«ከአሳማ የተወሰደ ሊፒድ... አይገባበትም፤ ይላሉ።»

ባልደረባሽ ፈገግ እንዳለ ነው። ያስደሰተን መስሎታል፣ ምስኪን! በእሱ አልፈረድኩም። ሰውየው እኛ ያልተነገረን ነገር እንዳለ አያውቅም። ለእሱ ነግሬአቸዋለሁ ብለሽው ኖሯል!

ሸሁ አልጮኹም። ቢጮኹ ምንኛ በተሻለኝ። ወደ እኔ ትሪ ተመለከቱ። «አቶ ካሳሁን፣ ይብሉ እንጂ» አሉኝ። «የአንቱ ንጹሕ ነው።»

ልጄ፣ በሕይወቴ ተሰድቤአለሁ፤ በአደባባይ ተከስሻለሁ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከቤቴ ተሰድጃለሁ። እንደዚያች ቃል ያለ ነገር ግን አልሰማሁም።

የዚያን ዕለት ስደውልልሽ ምን አልሽኝ? «አባዬ፣ ሰው ሠራሹ ዘግይቶ ነበር። ሕክምናው ቢቋረጥ ቁስላቸው ይመለስ ነበር። ከአሳማው የወጣውን አጣርተን ነው የተጠቀምነው፤ ሞለኪዩሉ አንድ ነው፤ ከየት እንደመጣ እኮ ራሱ አያውቅም» አልሽኝ።

ሞለኪዩሉ ላያውቅ ይችላል። ሸህ አብዱልሐሊም ግን ያውቃሉ።

የተወለድሽበትን አገር የረሳሽ ስለመሰለኝ ላስታውስሽ። እዚህ ወንድሙ ክርስቲያን፣ እኅቱ ሙስሊም የሆነችበት ቤት ስንት አለ። ለቅሶው አንድ ነው። ሠርጉ አንድ ነው። የቀብር ማኅበሩ፣ ቅሬው፣ አንድ ነው። የሚለየው ሥጋው ብቻ ነው። ሥጋው ደግሞ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ በዓይን አይለይም፤ በጣዕም አይለይም። ያንቺ መሣሪያዎች ቢመረምሩትም አይለዩትም። በሬው ያው በሬ ነው። የሚለየው በባለቤቱ ቃል ብቻ ነው፤ «ይህ የእናንተ፣ ይህ የእኛ» ይላል፤ እንግዳውም ሳይጠይቅ ይጎርሳል። አያቶቻችን እርስ በርሳቸው ሳይፋጁ የኖሩት በዚህች ቃል ነው፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም። አንዱን ነገር ከሌላው የሚለየው ምንጩ እንደሆነ፣ ምንጩንም የምናውቀው ከባለቤቱ አፍ ብቻ እንደሆነ እዚህ ሁሉም ሰው ያውቃል። አንቺም እኮ ከጓዳ ትሪ እያወጣሽ «ይህ የእናንተ ነው» ስትይ ነው ያደግሽው! የሆላንዱ ሰው ይህንን ባያውቅ ይቅር ይባላል። አንቺ ግን እያወቅሽ የእንግዳ ትሪ አቀያየርሽ።

ደግሞም ሳይንሱን እንደማልረዳ አድርገሽ አትናገሪኝ። ተረድቼዋለሁ። ምክንያትሽንም ሰምቼዋለሁ፤ ሕክምናው ከመካከል እንዳይቋረጥ ብለሽ መጨነቅሽ የሐኪም ጭንቀት ነው፤ አከብረዋለሁ። የማላከብረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ለሕክምና የሚሰጠው ፈቃድ እውነቱ ተነግሮት ካልሆነ ፈቃድ አይደለም። ይህንን ለማወቅ ዳኛ መሆን አያስፈልግም፤ አንቺ ራስሽ በዚያ አገር ሰዎች ላይ ይህንን ብታደርጊ ኖሮ ነገ ጠዋት ላቦራቶሪሽ በታሸገ ነበር። የግራና ሰው ላይ ሲሆን ለምን ቀለለሽ? ፊደል ስላልቆጠሩ ነው? ወይስ አባትሽ ስላለ? ንገሪኝ። ይህንን በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሊያን ታስታውሻታለሽ? የሸሁ የወንድማቸው ልጅ፣ መርሳ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ የምትሰፋው። ስትመጪ ቀሚስሽን አሳጥራልሽ ነበር። ከግራ ዓይኗ ሥር፣ ጉንጯ ላይ የነበረው ቁንጭር በቅባትሽ እየዳነ ነበር። ይህንንም ልንገርሽ፤ መድኃኒትሽ ይሠራል። ጉንጯ ላይ አዲስ ቆዳ መጥቶ ነበር። ሱቋ ውስጥ ለደንበኛ ብቻ የነበረውን መስታወት ለራሷም ማየት ጀምራለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ወሬው መርሳ ውስጥ እንደ ተሰማ ሊያ ሱቋን ዘጋች። ጓሮ ገባች። አሳማ የነካው ገላ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው፤ እንዲህ ነው የተማረችው። ማንንም አልጠየቀችም። አዲሱን ቆዳዋን በአፈር አሸችው። ተላጠ። ሸሁ ሲደርሱ ፊቷ በደምና በጭቃ ተለውሷል።

«ማን አዘዘሽ?» አሏት እያለቀሱ።

«ኪታቡ።»

«ኪታቡ ቁስልሽን አሺ ይላል? እኔ ሞቻለሁ? አትጠይቂኝም?»

«አንቱንስ ማን ጠየቀዎት አጎቴ?» አለቻቸው። «አንቱንም እኮ አታለውዎታል።»

ሸሁ ይህንን ነገሩኝ። ከዚያ የተናገሩት ነው ዛሬም ድረስ እንቅልፍ የሚነሣኝ። «አቶ ካሳሁን፣ ሌላ መድኃኒት ከጠፋ፣ ሰውም የሚጎዳ ከሆነ ይፈቀዳል። ሃይማኖታችን በሽተኛን አያስጨንቅም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እኔው ራሴ ተቀቡ እላቸው ነበር። ታጥባችሁ ስገዱ እላቸው ነበር። ምን ነበረበት ቢጠይቁኝ?»

ሰማሽ? ይፈቀድልሽ ነበር! የእኛ ቄስም ከዚህ የተለየ አይሉም ነበር። እውነቱን ብትናገሪ በሩ ክፍት ነበር፤ አንቺ ግን በመስኮት ገባሽ። ያናደደኝ አሳማው አይደለም ሔዋን። ሰዎቼ እውነቱን ቢሰሙ አይገባቸውም ብለሽ መፍረድሽ ነው። ሳትጠይቂያቸው ፈረድሽባቸው። እኔ ሰውን ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም፤ ከማን እንደተማርሽው አላውቅም።

ሊያ አሁን እዚሁ ወልድያ ሆስፒታል ተኝታለች። ቁስሉ አመርቅዞ እብጠቱ ወደ ዓይኗ ወጥቷል። እናትሽ ሾርባ ይዛ ትመላለሳለች፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሐኪሞቹ ምርቀዛውን በመርፌ እየተዋጉት ነው፤ ስለ ዓይኗ ገና ደፍረው አልተናገሩም። ምርቀዛው ቢጠፋ እንኳ የቁንጭሩ ሕክምና ወዲያው ካልቀጠለ ጉንጯን ይበላዋል ብለዋል። በቁንጭሩ መርፌ እንዳያክሟት ልቧ ደካማ ነው። የቀረላት ያንቺ ቅባት ነው። ሦስተኛው ዙር። እሷ ደግሞ አልቀባም ብላለች።

አሁን ደግሞ እናትሽ እንዳትነግርሽ የከለከልኳትን ነገር ልንገርሽ።

በዚህ ወር መጀመሪያ ግራና ሄጄ ነበር። ሰው እንዲሰበሰብልኝ ጠየቅሁ። በዚያው በማሠልጠኛው ግቢ። አንገቴ ላይ ድንጋይ አድርጌ ገባሁ። አዎ፣ በዳይ እንደሚያደርገው። በዚያ ድንጋይ ስንት ሰው እንዳስታረቅሁ ታውቂያለሽ፤ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብዬ ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «የነገርኳችሁ ነገር እውነት አልነበረም። ሁለተኛው ቅባት ከአሳማ የወጣ ስብ ነበረበት። በእኔ ቃል ተቀባችሁት። በድያችኋለሁ።»

ከዚያ በጎኔ እግር ኮቴ ሰማሁ። ቀና ማለት ስለማልችል ጫማውን ብቻ አየሁ፤ የሸህ አብዱልሐሊም ነው። እሳቸውም ድንጋይ ተሸክመዋል።

«አንቱ ምን አጠፉ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አንቱ ያሉትን ደግሜ የለ?»

ያ ቀልደኛ ጎልማሳ አሁንም አላስቻለውም። «ኧረ ጉድ ነው! ሸምጋዮቹ ሁለቱም ድንጋይ ከተሸከሙ እኛን ማን ሊያስታርቀን ነው?» አለ። ጥቂት ሰዎች እያለቀሱ ሳቁ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከድንጋዩ ሥር ሳቅሁ።

ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳዩ ነው። እኚያ ሴት፣ ቅባቱ ከምን ይወጣል ብለው የጠየቁት፣ መጡ። መጀመሪያ የሸሁን፣ ቀጥሎ የእኔን አወረዱ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ «ጌታው፣ ለአንቱ ወርዶልዎታል» አሉ። «የሠራችው የታለች?»

«የታለ» አላሉም። «የታለች» ነው ያሉት። ሁሉም ያውቃል። ግቢው ሙሉ ሰው የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃል፤ ስምሽን ግን አንድም ሰው አልጠራም። እኔም አልጠራሁም። ስለ ሽበቴ ብለው ዝም አሉልኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ ማን ብዬ ዝም እንዳልኩ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርላቸው ያልሽኝ ከዚህ በኋላ ነው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሊያ ዘንድ ገብቼ፣ አንቺ የላክሽው አዲሱ ቅባት ንጹሕ እንደሆነ ነገርኳት። ለሕዝብ አልናገርም ብዬ ለእሷ ግን ተናገርኩ፤ ጉንጯ አይጠብቅምና። በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ሌላው በፋሻ ተሸፍኗል።

«ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ» አለችኝ። «ግን እርስዎ ይህንን ከማን ሰሙት?»

«ከልጄ።»

«ያኔስ?»

በዚያ ሁሉ ዘመን ምስክር ስመረምር እንዲህ ያለ አጭር ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

«እሷ ትምጣ» አለች። «እዚህ ትቀመጥ። ፊቴን ትይ። ከምን እንደተሠራ በራሷ አፍ ትንገረኝ፤ ያን ጊዜ እቀባለሁ። አሳማም ቢሆን ትንገረኝ፤ አጎቴ ከፈቀዱልኝ እቀባለሁ። ብቻ አትዋሸኝ።»

ስለዚህ የምጠይቅሽ ይህ ነው፤ አባት ስለሆንኩ ትዕዛዝ ብለሽ ብትወስጂውም አልከፋም። ተነሺና ነይ። ሥራ አለኝ አትበይኝ፤ ሥራሽ እዚህ ነው ተኝቶ ያለው። እስከ ገና አትቆዪ፤ ሐኪሞቹ ያን ያህል ጊዜ አልሰጧትም። አዲስ አበባ ስትደርሺ በአውሮፕላንም ይሁን በመኪና፣ መንገዱ እንደ ፈቀደ፣ ቀጥታ ወልድያ ነይ። መጀመሪያ ቤት እንዳትመጪ። ሻንጣሽን ቢኒያም ይቀበልሽ፤ አንቺ ሆስፒታል ሂጂ፤ ሊያ አጠገብ ተቀመጪ። ከዚያ ግራና እንሄዳለን። ሁለተኛው ዙር ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደወሰነ፣ ለምን እንዳልተነገራቸው፣ አሁን ያለው ከምን እንደተሠራ ትነግሪያቸዋለሽ። የሳይንሱን ቃል አታብዢ፤ አታሳንሺውም። ያኔ እዚህ ሳሎን እንዳስረዳሽኝ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ይገባቸዋል። እኔ ገብቶኝ የለ?

ሸህ አብዱልሐሊም ከጎንሽ ለመቀመጥ ፈቅደዋል። ይህንን ያሉት ማንም ሳይለምናቸው ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን ከጎንሽ አልቀመጥም። ከሕዝቡ ጋር እቀመጣለሁ። ምናልባት ጥያቄም ይኖረኝ ይሆናል።

እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻ ላይ እመርቅሽ ነበር። ዛሬ ግን ምርቃቴን በወረቀት አልልክም። ከሊያ ዘንድ ስትመለሺ ጉልበቴን ስመሽ ትቀበይዋለሽ። ሌላ የትም አልወስደውም፤ ለሌላ ማንም አልሰጠውም። እዚሁ አለ።

ቸር ያገናኘን።

አባትሽ
ካሳሁን ሲሳይ

በድጋሚ፦ እናትሽ ከዚያ ከድንጋዩ ቀን ወዲህ ትከሻዬን እንደሚያመኝ፣ ሌሊት ሌሊትም እንደማቃስት ሳትነግርሽ አትቀርም። አትስሚያት። የምትመጪው ለእኔ ትከሻ አይደለም፤ ለሊያ ጉንጭ ነው።